ጭቃ እንዳይነካው

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለጓደኛም አላወጣኋትም። በደሉ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው በደል መኖሩን አያውቁም። የመጀመሪያው ሰሚ እርስዎ የሚያነቡት ነዎት። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ፣ ምንም ሳላስቀር እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ በእጄ ሥራ የምኮራ ሰው ነኝ። ኩራቴ ጥፋቴን የሚያሳንሰው መስሎኝ አይደለም ይህን የምናገረው፤ ጥፋቱን ያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ደግሞም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የተጸጸተ ሰው አንገቱን ይደፋል ይባላል። እኔ ተጸጽቻለሁ፣ ግን ስለ ሥራዬ ሲነሣ አንገቴ ቀና ይላል። ምን ላድርገው?

የምኖረው ሰበታ ነው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል። እንጀራዬ የበያጆችን የጋዝ ሬጉሌተር መጠገን ነው፤ በኦክስጅኑ ጠርሙስ አናት ላይ ታስሮ ኃይለኛውን ግፊት ወደሚፈለገው ልክ የሚያወርደውን ዕቃ ማለቴ ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። የተጣለ አንድ አግኝቼ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ደግሜ ፈትቼ፣ ቪዲዮ አይቼ፣ የእንግሊዝኛውን ማንዋል መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤ ነው የተማርኩት። ከእኔ ዘንድ ተጠግኖ ወጥቶ ያፈሰሰ ዕቃ የለም። ይህን የምለው ለመመካት ነው፤ ትሕትና አልቀባውም።

ጋሽ ተክሌን ያወቅኋቸው በዚሁ ሥራ ነው። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። አሁን ዓለም ገና ትንሽ ሱቅ ይጠብቃሉ። ሰው ውሃ ሲወስደው ግን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በእኛ አካባቢ፣ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ድንጋይ ሲወጣባቸው የኖሩ ካባዎች አሉ። ድንጋዩ ሲያልቅ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ጉድጓዱ ይቀራል፣ ክረምት ይሞላዋል። ልጆች ይዋኙበታል፣ ባጃጅ ይታጠብበታል፣ ሰውም ይቀርበታል። ጋሽ ተክሌ ወርደው ሬሳውን ያወጣሉ። የሚያውቋቸው ሰዎች ከተማ ውስጥ ሲሊንደራቸውን በአየር ይሞሉላቸዋል፤ የሚተነፍሱበት ዕቃ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ ከምፅዋ ይዘውት የመጡት።

አንድ ቀን በማዳበሪያ ጠቅልለው አመጡልኝ። ድስት ክዳን የሚያህል ክብ የናስ ሣጥን ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ሽንሽን የጎማ ቱቦ ተሰክቶበታል። ሣጥኑ ከጠላቂው ማጅራት በታች ሲሊንደሩ አናት ላይ ይታሰራል። አንዱ ቱቦ አየር ወደ አፍ ያመጣል፤ ሌላው የወጣውን ትንፋሽ ወደ ኋላ ይወስደዋል። አሁን እንዲህ ያለውን የሚሠራው የለም ማለት ይቻላል።

"ይሄን አየህ?" አሉኝ ማዳበሪያውን እየፈቱ። "እኔና እሱ አብረን ነው ያረጀነው። እኔን የሚጠግን ሐኪም አላገኘሁም፤ ለእሱ ግን አንተን አገኘሁለት።"

"ለመቼ ይፈልጉታል ጋሼ?"

"ሰው እስኪሰጥም ነዋ" አሉ ሳቅ ብለው። ወዲያው ግን ሳቃቸውን መለሱት።

ያን ዕቃ እንዴት እንደ ሠራሁት መንገር አለብኝ። ካልነገርኩ ለምን እንደ ዋሸሁ አይገባዎትም።

በሣጥኑ ውስጥ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ጎማ አለ። ጠላቂው አየር ሲስብ ጎማው ወደ ውስጥ ይጎብጥና አንዲት ማንሻ ይጫናል፤ ማንሻዋ አየሩ የሚመጣበትን ቀዳዳ ትከፍታለች። መሳብ ሲያቆም ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የቀዳዳው መክደኛ መቀመጫ በሚባለው ትንሽ ቀለበት ላይ ያርፋል፣ አየሩ ይዘጋል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ መቀመጫው ተበልቶ ነበር፤ ናሱን የጨው ዝገት አረንጓዴ አድርጎት ነበር። መለዋወጫ የለም። ሱሉልታ በአንድ የወተት ላሞች እርባታ የማለቢያ ማሽን የሚጠግን ልጅ አውቃለሁ፤ ከእሱ የማለቢያ ማሽን ሲሊኮን ለምኜ አመጣሁ። የመጀመሪያው ወፍራም ሆነ፤ ሲስቡት ያደክማል። ሁለተኛው ሳስቶ ተርገበገበ። ሦስተኛውን በካሊፐር እየለካሁ በብርጭቆ ወረቀት አሳሳሁት። መቀመጫውን መስተዋት ላይ በተዘረጋ ስስ የብርጭቆ ወረቀት በክብ በክብ እያሸሁ አስተካከልኩት። ለመክፈት ምን ያህል መሳብ እንደሚያስፈልግ የማይበት መሣሪያ ስላልነበረኝ የግሉኮስ ቱቦ ሳንቃ ላይ አጥፌ ቀይ ውሃ ሞላሁበትና ራሴ ሠራሁ። ትንሽ ሲሳብ ውሃው ከፍ ይላል፤ ከፍታውን ማንበብ ነው። ከዕቃው ማንዋል ልክ አልፌ ዝቅ አደረግሁት። ማንዋሉን የጻፉት ሰዎች ቢያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭኑ ነበር።

በመጨረሻ ሣጥኑን መርካቶ ወስጄ ኒኬል አስነከርኩት። ይህን ጋሽ ተክሌ አላዘዙኝም። ውሃ ውስጥ ለሚገባ ዕቃ ማብረቅረቅ ምን ያደርጋል? ለእኔ ነው ያስነከርኩት። በኢንተርኔት እንዲህ ያሉ አሮጌ የጠላቂ ዕቃዎችን የሚሰበስቡ የውጭ አገር ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን አለ፤ እዚያ የሥራዬን ፎቶ እለጥፍ ነበር። ከባሕር ርቆ በሚገኝ አገር፣ ያለ መለዋወጫ፣ በላም ማለቢያ ጎማ መሥራቴን ሲያዩ አድንቀውኛል። "ሲያልቅ አሳየን" ብለውኛል። እኔም እየጠበቅሁ ነበር።

ገጥሜ ስጨርስ ጋሽ ተክሌ ለመሞከሪያ የተዉልኝን ሲሊንደር የአከራዬ የእትዬ አልማዝ የውሃ በርሜል ውስጥ አቆምኩና፣ ዕቃውን አስሬ፣ ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቴን ነከርኩ። ሳብ ሳደርግ መጣ። ሳቆም ቆመ። ድምፅ የለውም፤ መንተፋተፍ የለውም። አረፋው ከኋላዬ እየተንከባለለ ሲወጣ ይሰማኛል። በሕይወቴ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግን በዚያ በርሜል ውስጥ ሆኜ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የበለጥኩ መሰለኝ።

"አንተ ልጅ፣ ያ የመጠጥ ውሃ ነው። ጭንቅላትህን ከበርሜሌ አውጣ" አሉኝ እትዬ አልማዝ ከላይ ሆነው። ስወጣ ደግሞ "ምን ልትሆን ነው፣ ዓሣ?" አሉ። የግቢው ሰው ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰማዩ ድፍን ነው። ኒኬል በድፍን ሰማይ ፎቶ ሲነሣ ቆርቆሮ ይመስላል። ስለዚህ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ዕቃውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ለጋሽ ተክሌ አልደወልኩም። ፎቶውን አንሥቼ እደውላለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ከሰዓት ጋሽ ተክሌ በባጃጅ ደረሱ። ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ገመቹ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ከዓለም ገና በስተጀርባ ያለው ካባ ዳር ባጃጁን አጥቦ ሲጨርስ ሊታጠብ ገብቶ አልወጣም። የኦቦ ለሚ ልጅ ነው። ኦቦ ለሚ የአካባቢው የጥንት ገበሬ ናቸው፤ ያ ካባ ድንጋይ ሳይወጣበት በፊት የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር።

"መተንፈሻውስ?" አሉኝ ከደጃፉ ሳይገቡ።

ጨርቁ ከኋላዬ ነበር። በጨርቁ ሥር ዕቃው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ያየሁት ገመቹን አይደለም፤ የካባውን ውሃ ነው። የካባ ውሃ ውሃ አይደለም፤ የድንጋይ ዱቄት የተበጠበጠበት ጭቃ ነው። ኒኬሉን ይጭረዋል። በሣጥኑ ቀዳዳዎች ገብቶ ከጎማው ሥር ይተኛል። ፎቶ ሳይነሣ፣ ማንም ሳያየው፣ የወራት ሥራዬ በአንድ ከሰዓት ያረጃል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ ዐይኔን እስክከድን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

"ገና ነው ጋሼ" አልኩ።

"ምን ቀረው?"

"መቀመጫው ያፈሳል።"

እዚህ ላይ ቆም ይበሉልኝ። ዝም ብዬ "አላለቀም" ብዬ ቢሆን ተራ ውሸት ነበር። እኔ ግን የዋሸሁት በሙያዬ ነው። የትኛው ክፍል እንደሚያፈስ፣ ቢያፈስ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን ይዞ መውረድ እንደማይቻል አብራራሁላቸው። አንዱም ቃል ስሕተት አልነበረበትም፤ የዚያ ዕቃ አለመሆኑ ብቻ ነው። እትዬ አልማዝ ገበያ ሄደው ነበር። ቢኖሩ ኖሮ "ትናንት በርሜሌ ውስጥ ሲተነፍስበት አልነበር?" ባሉ ነበር። ውሸቴ ይህን ያህል ስስ ነበረች።

ጋሽ ተክሌ የተሸፈነውን ጨርቅ አዩት። አልገለጡትም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ሥራ ነክተው አያውቁም።

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉና ወደ ባጃጁ ተመለሱ።

እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ቤት መቀመጥ ስላስፈራኝ ይመስለኛል። ካባው አፋፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ ተክሌ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ገመድ ወገባቸው ላይ አሥረው፣ በባዶ ትንፋሽ ገቡ። ወርደው ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። እንደገና ገቡ። ሲወጡ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

"ጋሼ ይብቃዎት፣ ሁለት ሬሳ ልንጠብቅ ነው እንዴ?" አላቸው ገመዱን የያዘው የዕድሩ ሰው።

"አንድ ጊዜ ብቻ። ገመዱን አላላ።"

ሦስተኛ ገቡ። ባዶ እጃቸውን ወጡና መሬቱ ላይ በደረታቸው ተኙ። አንድ የገመቹ ጓደኛ፣ እሱም የባጃጅ ሹፌር፣ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

"ኢንጂነሩ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያን ዕቃ የምትሠራላቸው?" አለኝ። "ዛሬ ነበር እኮ የምታስፈልገው።"

"መቀመጫው ያፈሳል" አልኩት። ደገምኩት። የማያውቀውን ቃል ነግሬው ዝም አሰኘሁት።

በባጃጁ ሄጄ ዕቃውን ይዤ ልመለስ እችል ነበር። ገና ብርሃን ነበር። አሁን ግን ኒኬሉ አልነበረም የያዘኝ፤ ውሸታም መባልን ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ለዕቃዬ ዋሸሁ፣ ቀጥሎ ለስሜ ዝም አልኩ። የቱ ይከፋል? ብዙ ጊዜ መዝኜዋለሁ። ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው በቅጽበት ነበር፣ ሁለተኛው ግን ከሰዓቱን ሙሉ ነበር።

"ልጁ እኮ ሞቷል፤ ቢወጣም አይነሣም" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይህን ሰበብ እርስዎ ሳይሉልኝ እኔው ብዬዋለሁና አይበሉልኝ።

የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ቤት አልተከሉትም። ሬሳው ሳይገኝ ቤት አይለቀስም ብለው ካባው አፋፍ ላይ ተከሉት። ኦቦ ለሚ ከድንኳኑ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው። ምግብ ሲሰጧቸው ይቀበላሉ፣ አጠገባቸው ያስቀምጡታል።

በማግሥቱ ጠዋት ሰማዩ ተገለጠ። እኔም ጨርቁን ገለጥኩ። ኦቦ ለሚ ውሃ እያዩ በተቀመጡበት ሰዓት እኔ ዕቃዬን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሣሁ። ብርሃኑ ከጎን ነበር፤ ኒኬሉ ላይ የመስኮቱ ፍሬም ሳይቀር ይታያል። ለጠፍኩት። አድናቆቱ እስከ ማታ ጎረፈ። ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ልሰርዘው ሞክሬ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ያምራል። ይህም ከኃጢአቴ ይቆጠርብኝ።

በአራተኛው ቀን ገመቹ ራሱ ተንሳፈፈ። ሽማግሌዎቹ ቶሎ ብለው በሸራ ጠቀለሉት።

"ፊቱን ብቻ" አሉ ኦቦ ለሚ።

"አይሆንም ኦቦ ለሚ። እንደነበረ አድርገው ያስቡት" አሏቸው።

"እኔ ማሰቡንማ አውቅበታለሁ። ማየት ነው የፈለግሁት።"

አላሳዩአቸውም። የሬሳ ሣጥኑ እንደተዘጋ ተቀበረ። በዚያው ቀን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ተኛ ሰው ሆኖ ያዩት ነበር። ግንባሩን ይስሙት ነበር። ይህን ነው የነጠቅኋቸው። ሕይወቱን አልነጠቅሁም፤ ፊቱን ነጠቅሁ።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ለሚ ጅማ መንገድ ዳር መቆም ጀመሩ። ባጃጅ ሲመጣ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ጎንበስ ብለው የሹፌሩን ፊት ያያሉ፣ "ሂድ ልጄ" ይላሉ። አእምሯቸው ደህና ነው፤ ልጃቸው መሞቱን ያውቃሉ። "አውቃለሁ፣ ዐይኔ ግን አላመነም" ይላሉ ሲጠየቁ። ሹፌሮቹ ለምደውታል። ሲያዩአቸው ቀስ ይላሉ፤ ማንም ሳያዛቸው አንገታቸውን ወጣ አድርገው ፊታቸውን ያሳዩአቸዋል። እኔ በየሳምንቱ ዕቃ ላደርስ በዚያ መንገድ እሄዳለሁ። አንድ ቀን የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቆመ። የሹፌሩን አይተው ሲጨርሱ የእኔንም አዩ።

ዕቃውን ለጋሽ ተክሌ ከቀብሩ በኋላ አስረከብኩ። "አለቀ" አልኩ። በርሜሉ ውስጥ ሞክረውት ሲወጡ ዐይናቸው እርጥብ ነበር፤ በውሃው ይሁን በሌላ አላወቅሁም። "አዲስ ሆኖ የተሰጠኝ ዕለት እንዲህ አልተነፈሰልኝም" አሉኝ። ኮራሁ። አዎ፣ ያን ጊዜም ኮራሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ቡራዩ አካባቢ አንዲት ልጅ ኩሬ ውስጥ ቀረች። ጋሽ ተክሌ በእኔ ሥራ ወርደው በዚያው ከሰዓት አወጧት። እናቷ አቅፋ አለቀሰቻት፤ ፀጉሯን በእጇ አበጠረችላት። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። ጎማው የእኔ ነው፣ መቀመጫው የእኔ ነው፣ ያ ትንፋሽ የእኔ ነው አልኩ በልቤ። እውነትም የእኔ ነው። ኒኬሉ ዛሬ በጭረት ተሞልቷል። ከእያንዳንዱ ካባ በኋላ ፈትቼ ጭቃውን በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አጥባለሁ፣ ጎማውን እመረምራለሁ፣ በግሉኮስ ቱቦዬ እለካዋለሁ። ልኩ አንድም ቀን አልተዛነፈም።

የቡራዩው ወሬ ኦቦ ለሚ ዘንድ ደረሰ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ክፍሌ መጡ።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ለሚ" አልኳቸው። ከእሳቸው ቋንቋ በደንብ የማውቀው ሰላምታውን ነው።

"ነጋ፣ ነጋ" አሉና ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጡ። ዕቃው ለእጥበት ተፈትቶ ተዘርግቶ ነበር። አንድ በአንድ አዩት፣ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። "ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ያን ጊዜ ምኑ ነበር የጎደለው?"

ጥያቄው ክስ አልነበረበትም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለጉት። የታመመ ሰው ሲሞት ሰዎች የበሽታውን ስም እንደሚጠይቁ ዓይነት ነው። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ በር አይከፈትልኝም።

"መቀመጫው ያፈስ ነበር" አልኩ።

"መቀመጫው" አሉ ቀስ ብለው። ቃሉን እንደ ሰው ስም ያዙት። የቱ እንደሆነ አሳየኝ አሉ፤ አሳየኋቸው። እንደ ፋኖስ መስተዋት የሚያበራ ትንሽ ቀለበት ነው፣ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ብዙ አዩት። ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

"ለእኔ አልደረሰም። ለሌላው ደርሷል" አሉ። "ሀርኪ ኬ ሃ ኤቢፈሙ።" እጅህ ይባረክ ማለታቸው ነው።

"አሜን" አልኩ።

ከሁሉም የማልሸከመው ይህን አሜን ነው። ውሸቱን ኩራት አስዋሸኝ ልበል፤ ዝምታውን ፍርሃት አመጣው ልበል። ያን አሜን ግን ምን አስባለኝ? ምርቃቱን ፈልጌው ነበር። በእውነት እጄ እንዲባረክ ፈልጌ፣ ከበደልኩት ሰው እጅ፣ በውሸት ተቀበልኩት።

ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የእርስዎ አይደለምና ቢሰጡኝም አይጠቅመኝም። ባለቤቱ ጅማ መንገድ ዳር ቆመዋል። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ። ስለ ኒኬሉ አላወራም፣ ስለ ፀሐዩ አላወራም፣ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ አልልም። ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ብቻ ነው ያለብኝ፤ ከሱ ኋላ "ምክንያቱም" የሚል ቃል አይከተልም።

ኦቦ ለሚ፣ ምንም አልጎደለውም ነበር።